«የአብራሪው ስህተት» ብለን የምናልፈው ነገር

ባለፈው ሴሚስተር በሴፍቲ ኮርስ ላይ መምህራችን የአንድ አውሮፕላን አደጋ ታሪክ ነገሩንና «መንስኤው ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አሉን። አብዛኞቻችን «የአብራሪዎቹ ስህተት ነው» ብለን ወረቀቱን መለስን። እኔም እንደዚያው ነበር የጻፍኩት። ከክፍል ከወጣሁ በኋላ ግን መልሴ ለራሴም አልዋጥልኝ አለ። ይህቺን ጽሑፍ እንድሞነጫጭር ያደረገኝም ይሄው ነው።

አደጋው የደረሰው እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2001 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት አስፐን በተባለች ከተማ ነው። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 7,800 ጫማ ገደማ ላይ፣ ማለትም ከቦሌያችን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ከሎስ አንጀለስ በኪራይ የተነሳችው ገልፍስትሪም 3 የተባለች ጄት 15 መንገደኞችና 3 ሠራተኞች ይዛ ነበር። በወቅቱ በነበረው የማረፊያው የድምፅ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለች ጄት ፀሐይ ከጠለቀች 30 ደቂቃ ካለፈ ማረፍ አትችልም ነበር። መንገደኞቹ ደግሞ ዘግይተው ስለመጡ ጉዞው 40 ደቂቃ ያህል ዘግይቷል። ሲደርሱ መሽቷል፤ በረዶም ጣል ጣል ይላል። አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያውን በዓይናቸው ካላዩ በቀር ከ10,200 ጫማ በታች መውረድ አይፈቀድላቸውም ነበር። እነሱ ግን ሳያዩ ወረዱ። ጄቷ ማኮብኮቢያው ጋ ለመድረስ 2,400 ጫማ ያህል ሲቀራት ከተዳፋት መሬት ጋር ተላተመች። ከ18ቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም።

እስከዚህ ድረስ የእኛ መልስ ትክክል ይመስላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም ዋናው መንስኤ ይሄው መሆኑን ደምድሟል። ቦርዱ ግን እንደኛ እዚያ ላይ ብዕሩን አላስቀመጠም። ሌሎች አስተዋጽኦ ያደረጉ ምክንያቶችንም ዘርዝሯል።

አንደኛው፣ ጄቷን የተከራዩት ደንበኛ ያሳደሩት ጫና ነው። ምናልባት ሌላ ቦታ ማረፍ ሊኖር እንደሚችል ሲነገራቸው ተቆጥተው፣ ካፒቴኑ አስተያየቱን ለራሱ እንዲይዝ ለድርጅቱ እንዲነገር አደረጉ። ካፒቴኑ ራሱም ደንበኛው ለእራት ብዙ ገንዘብ ስላወጡ አስፐን ማረፍ አስፈላጊ መሆኑን ለባልደረባው ተናግሮ ነበር። እስቲ አስቡት! ከፊታቸው የነበረ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት ተመልሶ ሲወጣ በሬዲዮ እየሰሙ፣ ከኋላቸው ደግሞ እራት የሚጠብቁ ሰዎች ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ይበልጥ እኛን የሚመለከት ነው። ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለዚያ ማረፊያ አንድ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። የማስታወቂያው ፍሬ ነገር «ዞሮ ማረፍ በማታ አይፈቀድም» የሚል ነው። የተፈለገው ግን በዚያ የአቀራረብ ሥርዓት በማታ ጨርሶ እንዳይኬድ ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው «እንግዲያው ቀጥ ብሎ ማረፍ ይቻላል» ብሎ ቢረዳ ይፈረድበታል? ይባስ ብሎ ማስታወቂያው አስፐን ታወር ውስጥ ለሚሠሩት ተቆጣጣሪዎች አልደረሰም። ስለዚህ እነሱም ፈቀዱ።

«ታዲያ ጨለማውና ጭጋጉስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሰው ልጅ አድማሱን ማየት ካልቻለ የጆሮው ውስጠኛ ክፍል ያታልለዋል፤ እያዘነበለ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1999 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ትንሿን ፓይፐር ሳራቶጋ ራሱ እያበረረ ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ሲወርድ፣ በጨለማና በጭጋግ አቅጣጫው ጠፍቶበት ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር ባሕር ውስጥ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጨለማና ጭጋግ ድንገት አይመጡብንም፤ ይታያሉ፣ ይነገራሉ። ሰውን ወደነሱ የሚያስገባው «ልመለስ» ማለት አለመቻል ነው። ይሄን ደግሞ በእኛ አገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስሙ ይሉኝታ ይባላል።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም ወረደብን። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመና «ትንሽ ገለጥ ይበል» አለ። እኛ ተሳፋሪዎች ግን «ንዳው እንጂ! ሊመሽ ነው!» ብለን ጮህንበት። በማግስቱ ፈተና ነበረብኝና እኔም አብሬ ጮኬአለሁ። ሰውየው ምንም ሳይመልስ ነዳ። በሰላም ገባን። በሰላም ስለገባንም ማናችንም ያደረግነውን መለስ ብለን አላየነውም። ገደል ገብተን ቢሆን ኖሮ ግን የሚባለው «በሹፌሩ ጥፋት» ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የመጨረሻው ሥልጣን የካፒቴኑ ስለሆነ ተጠያቂውም እሱ ነው» ብለው ተከራክረውኛል። አልክድም፤ ሥልጣኑ የሱ ነው። ነገር ግን ሥልጣን ሰጥተነው፣ በሥልጣኑ ሲጠቀም የምንቆጣው ከሆነ ምኑን ሰጠነው?

እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነገ አውሮፕላን ባናበርም ማሽን እንቆጣጠራለን፣ ማንዋል እንጽፋለን፣ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። የምንጽፈው ትእዛዝ በጨለማ፣ በድካምና በጥድፊያ ውስጥ ያለ ሰው አንዴ አንብቦ የሚገባው ይሁን፤ ለሚመለከተው ሰው መድረሱንም እናረጋግጥ። «ዛሬ አይሆንም፣ ልመለስ» የሚለውን ሰው ደግሞ ፈሪ አንበለው። ብንለውም፣ አባቶቻችን «ፈሪ ለእናቱ» ብለዋልና ለእናቱ ይግባላት!

መምህሬ ያንን ጥያቄ ደግመው ቢጠይቁኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልመልስም። ቸር እንሰንብት።