ያሸነፈ ለምን ይቀራል?

ፈተናውን ካለፍን በኋላ «ወደፊት መውደቃችሁ አይቀርም» ተብለን ብንባረር ምን እንላለን? በ2023 የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የገጠመው ይኸው ነው። 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ፤ የሊጉም ሻምፒዮን ሆነ። ነገር ግን ኳርተርባኩ ስለተጎዳ፣ መራጩ ኮሚቴ ለዋንጫው ከሚፋለሙት አራት ቡድኖች ውጭ አደረገው።

በኋላ በኦሬንጅ ቦውል በጆርጂያ 63 ለ 3 መሸነፉን እንደ ማስረጃ የሚያነሱ አሉ። ዋንጫው ካመለጠ ወዲያ ግን ብዙ ተጫዋቾቹ ለዚያ ጨዋታ አልተሰለፉም።

በ2024 የተፋላሚዎቹ ቁጥር 12 ሆነ፤ አምስቱ ቦታ ለሊግ ሻምፒዮኖች ተጠበቀ። ደግ አደረጉ እንላለን። በላብ የተገኘ ውጤት በሜዳ እንጂ በግምት አይሻርም።