የአፈር ግድብ ዕድሜ

ከዲላ ወደ ዐባያ ሐይቅ በሚያወርደው ቆላ የተሠራው የጊዳቦ ግድብ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ከ13 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት እንደሚያጠጣ ተነግሮለት ነበር። ከምረቃ በኋላ ስላለው ሥራ ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

የአፈር ግድብ ያረጃል። በሥሩ ጥቂት ውሃ መንጠቡ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ደፍርሶ ሲወጣ ግን የግድቡን ሆድ እየሸረሸረ መሆኑ ነውና ፋታ አይሰጥም። ፍልፈል የማሰውና የዛፍ ሥር የሰነጠቀውም ቢሆን ለውሃ መንገድ ነው። ደለል የሞላው ግድብ ደግሞ የጎርፍ መያዣ ቦታ ያጣል፤ ውሃው በአናቱ ከፈሰሰ አፈሩን ጠርጎት ይሄዳል።

የሊቢያ ከተማ ደርና ከጎርፍ የሚጠብቋት፥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሯት። ጥገና እንደሚያሻቸው አስቀድሞ ተነግሯል፤ ሰሚ አልተገኘም። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ መጨረሻ፥ እኛ ለዘመን መለወጫ ስንሰናዳ፥ በአንድ ሌሊት ተንደው ሺዎችን ጨረሱ።

እርግጥ ጊዳቦ ገና ወጣት ነው፤ ተግባሩም መስኖ ነው። ይሁን እንጂ እርጅናው የሚፋጠነው ወይም የሚዘገየው ከላይ፥ በተዳፋቱ ነው። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትንና ቡናን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አሰባጥሮ አፈሩን ይዞታል፤ ዩኔስኮም ይህንን መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መዝግቦታል። ያ ዛፍ ቢመነጠር አፈሩ የሚወርደው ወደ ቆላው ነው። ታዲያ ጌዴኦ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ ግድቡ በሲዳማና በኦሮሚያ ወሰን ሲሆን፥ የላዩን ተዳፋትና የታችኛውን ግድብ አንድ አድርጎ የሚመለከት፥ በየክረምቱም የሚነጥበውን ውሃ መልክ እያየ በመዝገብ የሚያሰፍር ሹም ማነው?