ለእጅ ደወል ጓድ ዜማ ሲመረጥ

ደወል ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተሰቅሎ ምእመናንን የሚጠራው ትልቁ ደወል፥ ወይም በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ የሚደውለው ቃጭል ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ደወል መዝሙርም ይጫወታል። አሥር ያህል ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተሰልፈው፥ በሁለት እጃቸው ደወል ይዘው፥ ተራቸው ሲደርስ ብቻ እየደወሉ አንዱን ዜማ ይፈጽማሉ። ልማዱ የመጣው ከእንግሊዝ አገር የማማ ደዋዮች ሲሆን፥ በአሜሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የደዋዮቹ ማኅበር ተቋቁሟል።

የእንዲህ ያለው ጓድ መሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዜማው ምርጫ ነው። ፒያኖ የሚመታ ሰው ድምፁ ሁሉ በአሥሩ ጣቶቹ ሥር ነው። በደወል ጓድ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ የቀረ እንደ ሆነ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። ስለዚህ መሪው የዜማውን መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ደወሉንና ሰዉን ይቍጠር። ሦስት ኦክታቭ የሚሸፍን ጓድ 37 ደወሎች አሉት፤ እነዚህንም አብዛኛውን ጊዜ 11 ሰዎች ይካፈሏቸዋል። ሰባት ወይም ስምንት ሰው ብቻ ያለው ጓድ ለ25 ደወሎች የተጻፈውን ቢመርጥ ይሻለዋል። በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ከመደናቀፍ ትንሹን ዜማ አሳምሮ መጨረስ ያስከብራል።

ሁለተኛው ነገር የደወሉ ጠባይ ነው። ደወል አንድ ጊዜ ከተመታ፥ ደዋዩ ከትከሻው አስጠግቶ ካላፈነው በቀር፥ ድምፁ ቆይቶ ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቃል። ደግሞም ደወል ቃል አይናገርም፤ ቃሉን የሚያስታውሰው ሰሚው ነውና መዝሙሩ የታወቀ ሊሆን ይገባል። በ1818 በኦስትሪያ በጊታር ታጅቦ የተዘመረው «ጸጥ ያለ ሌሊት» ረጋ ያለና የታወቀ ስለ ሆነ ለጀማሪዎች ይስማማል። ዩክሬናዊው ሚኮላ ሌዎንቶቪች ያቀናበረውና በ1916 በኪየቭ የተሰማው፥ በኋላም በ1936 እንግሊዝኛ ግጥም ተጨምሮለት «የደወሎች መዝሙር» የተባለው ግን ያታልላል። አራት ድምፅ ያላት አንዲት ሐረግ ስለምትመላለስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በጥቂት እጆች ላይ ይጥላል።

ሦስተኛው ወቅቱ ነው። የምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች በመጠባበቅ ያሳልፋሉ። የልደቱን መዝሙር በእነዚህ ሳምንታት የጨረሰ ጓድ ለበዓሉ አዲስ ነገር አይኖረውም። በካቶሊኮች ዘንድ ደወል ከጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ዝም ይላል። በእኛም አገር በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉና ምክንያቱን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ በጾም ጥቂት ደወል፥ በትንሣኤ ግን ሁሉም ይደወል።

በመጨረሻ መሪው ዜማውን ከመቍረጡ በፊት በደዋዮቹ ስም ዝርዝር ላይ ዓይኑን ያሳልፍ። ደወል ይዞ ቆሞ ተራ የማይደርሰው ሰው ካለ ሌላ ዜማ ይፈልግ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር ከልምምድ ይቀራልና።