ሂሩት፣ ደራሲዋ ማነው?

አንድ ምክር ሰልችቶናል። አሰላ ተቀምጦ የፊልም ጽሑፍ ለሚጽፍ ወጣት ሁሉ የሚታደል ምክር ነው፦ «አዲስ አበባ ግባ፣ ሰው ተዋወቅ፣ ከዚያ ይሳካልሃል»። ልብ በሉ! «እስቲ ጽሑፍህን አሳየኝ» የለበትም። «የት ጋ ነው የሚደክመው?» የለበትም። ሰው ተዋወቅ ብቻ! ሙያው መጻፍ ሳይሆን መተዋወቅ ይመስል።

እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ይህ አገር ታሪክ አላጣም፣ ጸሐፊም አላጣም። ያጣው የሚያነብ ፕሮዲውሰር ነው።

ማስረጃ አምጡ ካላችሁን ከራሳችን ሰፈር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዲዝኒ «ኢንዱራንስ» የሚባል ፊልም አወጣ። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ሆኖ የተጫወተበት፣ ከእርሻ ማሳ ተነሥቶ እስከ አትላንታው የ10,000 ሜትር ወርቅ ድረስ የሚሄድ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ፣ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ አሜሪካዊው ቴረንስ ማሊክ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ታውን ኦፍ ራነርስ» መጣ። ስለ በቆጂ ነው፤ ስለ ደራርቱ፣ ስለ ቀነኒሳና ስለ ጥሩነሽ ከተማ፣ ስለ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆች። ዳይሬክተሩ ጄሪ ሮትዌል፣ እሱም እንግሊዛዊ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ «ድፍረት» መጣ፤ በአሜሪካ ፊልም የተማረው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የጻፈውና ያዘጋጀው፣ አንጀሊና ጆሊ በኤክዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰርነት ስሟን የሰጠችው፣ ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት የወሰደው። መነሻው በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ የጠለፋ ታሪክ ነው።

ሦስት ፊልም፣ ሦስቱም ከአርሲ። ዓለም አይቶናል ማለት ነው። ግን በሦስቱም ላይ ብዕሩን የያዘው እጅ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

አሰላ የብቅል ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ገብሱ እዚሁ ይበቅላል፣ ብቅሉ እዚሁ ይዘጋጃል፣ ከዚያ በመኪና ተጭኖ ይሄድና ቢራው ሌላ ቦታ ይጠመቃል። ጠርሙሱ ላይ የአሰላ ስም የለም። የፊልሙም ነገር እንደዚሁ ነው።

እንዳንሳሳት! ቅሬታችን «ፈረንጅ ለምን ሠራ» አይደለም። ታሪክ እንደ መሬት ይዞታ ካርታ አይወጣለትም፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ሰዎቹ ገንዘብ ፈልገው፣ አገር አቋርጠው፣ ታግሠው ሠሩት፤ ይመስገኑ። ጥያቄያችን ለራሳችን ሰዎች ነው። እንግሊዛዊ በቆጂ ድረስ ሲመጣ፣ ከቦሌ የሚነሣ ፕሮዲውሰር በአስፋልት 175 ኪሎ ሜትር የምትርቀውን አሰላን ለምን አላያትም?

ወደ «ድፍረት» እንመለስ፤ ብዙ ያስተምራል። ፊልሙ ነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ፣ ተመልካቹ ተቀምጦ፣ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ የደረሰባት አበራሽ በቀለ «ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ» ብላ ነበር። እግዱ በኋላ ቢነሣም ጥያቄው አልተነሣም። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በፊልሙ ውስጥ በስሟ መዓዛ ናት። ልጅቷ ግን አበራሽ አይደለችም፤ ሂሩት ተብላለች። ስም መቀየር ሰውን ለመከለል ሊሆን ይችላል፤ ግን የተከለለው ሰው ራሱ «የት አለሁ?» ብሎ ከጠየቀ መልስ ያስፈልገዋል።

ሂሩት የሚለው ስም ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። ብዙዎች የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙሉ ፊልም የሚሉት፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈና ሌላ ሂሩት መጣች። የዛሬ ጥያቄያችን ግን አባቷ አይደለም። ደራሲዋ ማነው?

አሁን ወደ ጀማሪው እንምጣ። የተለመደውን ጭውውት ታውቁታላችሁ፦

«ጋሼ፣ ስክሪፕቱን አነበቡት?»

«እሱን ተወውና እስቲ ሐሳቡን በአጭሩ ንገረኝ።»

ወገን፣ ይቺ «ሐሳቡን ንገረኝ» የምትባል ነገር ቀላል አይደለችም። የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሐሳብን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ወጥ ሆኖ የተሠራንና ግዙፍነት ያገኘን ሥራ ነው፤ ማለትም ወረቀት ላይ ወይም ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን። ማኪያቶ እየጠጣህ በአፍህ የተረክኸው ሐሳብ ከአፍህ ሲወጣ የማንም ነው። ስድስት ወር ቆይቶ በሌላ ርእስ ፖስተር ላይ ብታየው የምትከስበት ነገር የለህም። ያልተነበበው ስክሪፕት ግን ሕግ ያውቀዋል፤ ጥበቃ ለማግኘት መመዝገብ እንኳ ግዴታ አይደለም። አዋጁ ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ታዲያ ጽሑፍህን የማያነብ ሰው ጆሮው ለሐሳብህ ለምን እንዲህ እንደሚቆም ራስህ ገምት።

ፖስተሮቹንም እስቲ ተመልከቷቸው። «ደራሲ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲውሰር» ብሎ አንድ ስም! ሁሉን የሚችል ሰው አይጠፋም፤ ኃይሌ ገሪማን የመሰለ ሲመጣ ቆመን እናጨበጭባለን። ግን ሁሉም ኃይሌ ገሪማ ነው እንዴ? ደራሲ የሚለውን ቃል ወደ ራስ ስም መሳብ ርካሹ መንገድ ስለሆነ ነው፤ ለጸሐፊ የሚከፈል ገንዘብ ይተርፋል፣ ክርክርም አይኖርም።

ፕሮዲውሰሮቹም የሚሉት አላቸው፤ ፍትሐዊ እንሁን። «ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ጽሑፍ ቅርጽ የለውም፣ የሬዲዮ ድራማ ይመስላል፣ የምናፈሰው ደግሞ የራሳችንን ገንዘብ ነው» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። አምስት ገጽ ሙሉ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ስክሪፕት ሞልቷል። ግን ይህን ለማወቅም ማንበብ ያስፈልጋል! አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ነው። 100 ገጹን ማንበብ ፊልሙን ቁጭ ብሎ ከማየት ብዙም አይበልጥም፤ ደካማውን ለመለየት ደግሞ አሥር ገጽ ይበቃል። አሥር ገጽ ሳያነብ ስንት መቶ ሺህ ብር የሚያፈስ ነጋዴ፣ ኪሳራው ከጸሐፊ እጥረት መጣ ቢለን አንሰማውም።

ደግሞ ማን ነው ጸሐፊውን ቪላ ውስጥ የቆለፈው? ሀብታም ልጅ፣ ደሃ ልጅ፣ ነጭ መኪና፣ የተደበቀ ማንነት፣ ሠርግ። «ይሄ ነው የሚሸጠው» ተብሎ ስለተነገረው የአሰላ ልጅም ያላደረበትን የቦሌ ቪላ ይጽፋል። ጭላሎ ከጀርባው ቆሟል። የገብስ አጨዳ አለ፣ ሮጦ ያልተሳካለት ሯጭ አለ፣ ዓረብ አገር ሄዳ የተመለሰች እህት አለች። በአሰላ ገበያ ሰው በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይከራከርና በኦሮምኛ ይታረቃል። በፊልሞቻችን ላይ ግን የገጠር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት የተሰባበረ አማርኛ ይናገራል፤ ለሣቅ! ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚነገሩት አድርጎ የሚጽፍ ሰው የት ነው ያለው? እዚሁ ነው፤ ስልኩ ግን አይጠራም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። የሽልማቱ ስም ምን ይባላል? ኦዜላ! ድሮ የቬኒስ መሪዎች ለመኳንንቶቻቸው ይሰጡት የነበረ ሜዳሊያ ነው። ከአሰላ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚቀራረበው፤ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። «ጤዛ» ቪላ ውስጥ አልተዘጋም፤ ከጀርመን ተነሥቶ ወደ እናት ጎጆ፣ ወደ መንደር ይመለሳል። ጸሐፊው ጎንደር የተወለደ የክፍለ ሀገር ልጅ ነው። ዳኞቹ «ይሄ አይሸጥም» አላሉም።

ስለዚህ የምንለው ይህን ነው። ፕሮዲውሰር ሆይ፣ አሥር ገጽ አንብብና በሁለት መስመር መልስ ስጥ፤ «አልወደድኩትም» በቂ ነው። ከወደድከው ከመናገርህ በፊት ውል ጻፍ፣ ቀብድ ክፈል፣ ፖስተሩ ላይ የደራሲውን ስም ለብቻው አስቀምጥ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አለው፤ በወር አንድ ቀን የስክሪፕት ንባብ ቢደረግበት የሚፈርስ ነገር የለም። የባህል ቢሮዎችም ቢሆኑ፣ የፊልም ፖሊሲው በ2010 ዓ.ም. ሲጸድቅ የተጨበጨበውን ያህል አንድ ጀማሪ ጸሐፊ በስሙ ይጥሩልን።

አንተም የአሰላው ጸሐፊ፣ አንቺም የበቆጂዋ፦ ሐሳብ በአፍ አትሽጡ። ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት፣ በኢሜይል ላኩት፣ ቅጂ ያዙ። «ሐሳቡን ንገረኝ» ላለ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ተጽፏል፤ ያንብቡት።»