ፋይበርግላስ ቆርቆሮ አይደለም!

እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ውስጥ የተመረቱት የመጀመሪያዎቹ ሼቭሮሌ ኮርቬቶች 300 ብቻ ነበሩ። ቦዲያቸው ብረት ሳይሆን ፋይበርግላስ ነው። ታዲያ "አሮጌ መኪና እናድሳለን" የሚሉ ጋራዦች ለቀለም ሲያዘጋጁት ለምን እንደ ቆርቆሮ ያዩታል?

በአሸዋ መንፋት ዝገት ያራግፋል። ፋይበርግላስ ግን አይዝግም! አሸዋው የሚበላው ማያያዣ ሙጫውን ነው፤ የመስታወት ክሩ አግጥጦ ይቀራል። ለብረት የተሠራ ኃይለኛ የቀለም ማስለቀቂያም ውስጥ ሰርጎ ይቀመጥና በኋላ አዲሱን ቀለም ከሥር ያሳብጠዋል።

"ጊዜ ይቆጥባል" ይላሉ። የማንን ጊዜ? የጋራዡን እንጂ የባለመኪናውን አይደለም፤ እሱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው፦ አሮጌውን ቀለም በጥንቃቄ በምላጭ መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ማሸት፣ ስንጥቁን ከፍቶ በመስታወት ክርና በሙጫ መጠገን፣ በደንብ ማድረቅ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በአሸዋ የተበላ ቦዲ ግን አይለቀምም!