ሐረጉን በጉልበት አትንቀለው!

«መሐል ሜዳ ያለውን የአባቴን የድንጋይ ቤት ለሰርጌ ላሳምር ብዬ ግድግዳው ላይ የወጣውን ሐረግ ስስበው ጭቃው አብሮ ወረደ። ጸጉር የመሰለ ሥሩም ተጣብቆ ቀረ። በአሲድ ልጠበው?»

ወንድማችን፣ አሲዱን ተወው! የመንዝን ቤት ድንጋይ የያዘው አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ ነው፤ ሥሩም እዚያው ውስጥ ገብቷል። የቀረውን ሐረግ ከግርጌው ቁረጠውና ይድረቅ። ሳምንታት ይፈጃል፤ ሙሽሪትም ቤቱን እንጂ ሐረጉን አላገባችም! ሲደርቅ ቀስ ብለህ በእጅህ አላቀው። ጸጉር መሳዩን በደረቁ፣ በጠንካራ የልብስ ብሩሽ ፈግፍገው። የሽቦ ብሩሽ ድንጋዩን ይቧጭረዋል፤ በጎማ የሚለቀቅ ውሃም ጭቃውን ያጥበዋል። የተቦረቦረውን ክረምት ሳይገባ ጭድ ባለው ጭቃ ምረገው። ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ካየኸው ግን ብሩሹን ጣልና ግንበኛ ጥራ።