«ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» ምክር ነው ወይስ ስንብት?

ሰኔ በተጋመሰ ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ድንኳን ይተከላል፤ ጋዋን ይታደላል፤ የማርሽ ባንድ ይጠራል። ከዚያም የዕለቱ የክብር እንግዳ መድረክ ላይ ይወጡና ስንት ዓመት ሲደጋገም የኖረውን ቃል ይለቁታል። «ሥራ ፈጣሪ እንጂ ሥራ ፈላጊ አትሁኑ!» ጭብጨባው ይቀልጣል። ከድባጤ ተነስተው፣ በቻግኒና በእንጅባራ አድርገው የመጡ፣ ልጃቸውን ለማስተማር በሬ የሸጡ አባትም ከኋላ ወንበር ሆነው ያጨበጭባሉ። ልጃቸው ሥራ በመፈለጉ አሁን በአደባባይ እንደተዘለፈ ማን በነገራቸው!

እኔ ይህን ቃል ምክር ነው ብዬ አልቀበልም። ስንብት ነው። «ከእንግዲህ አታውቁን፣ አናውቃችሁም» ማለት ሲያሳፍር በጨዋ ደንብ የሚነገርበት ዘዴ ነው። ለመሆኑ ሥራ መፈለግ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ንግግር አድራጊው እኮ ራሳቸው ደመወዝተኛ ናቸው። ንግግሩን የጻፈላቸው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛም፣ ድምፅ ማጉያውን የተከለው ባለሙያም፣ ሁሉም ፈልገው፣ አመልክተው፣ ተቀጥረው ነው እዚያ የቆሙት። አራት ዓመት ሙሉ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ያስተማሩትን ወጣት በአምስት ደቂቃ ንግግር «ነጋዴ ሁን» ማለት፣ ለእርሻ ያለመዱትን በሬ በጉግስ ቀን ኮርቻ ጭኖ እንደማውጣት ነው። ንግድ መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል። ባንክ ደግሞ መያዣ እንጂ ዲግሪ አይቶ አያበድርም።

ድሮ ሁሉ ደህና ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሆኖም ቢያንስ አንድ ነገር ታስቦበት ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥርዓት ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው ያስተምር ነበር። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ዓመት ትምህርቱ ሲመለስ አለቃ ምን እንደሆነ፣ ገጠር ምን እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አይቶ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ምደባ መጣ። ተመራቂው የመምረጥ ዕድል አልነበረውም፤ የት እንደሚሄድ ግን ያውቃል። ዛሬ አብዛኛውን ተመራቂ የሚልከውም የሚመድበውም የለም። የቀረው ንግግሩ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ታዲያ በምን ያልቃል? በመውጫ ፈተና ጭንቀት። ፈተናውን አልቃወምም። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ካለፉት ይልቅ የወደቁት መብዛታቸው፣ ከግል ኮሌጆች ደግሞ ከአምስቱ አንዱ እንኳ አለማለፉ፣ ተደብቆ የኖረን ጉድ አውጥቷል። ነገር ግን ፈተናውን ያለፈው ልጅስ? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወጪ መጋራት ውል፣ አንደኛ ዓመት ሲገባ ሳያነብ የፈረመው ወረቀት፣ አሁን ከፊቱ ይቆማል። ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ዕዳውን መክፈል አለበት፤ እስከዚያ በጊዜያዊው ወረቀት ይንቀሳቀሳል። ይህን ከምረቃው ሳምንት በፊት በሬጅስትራር መስኮት ቆሞ የሚሰማ ስንቱ ነው! ይህን አስቀድሞ ለመንገር የክብር እንግዳ አያስፈልግም፤ አንድ የሚያውቅ ሰውና አንድ ክፍል ይበቃል።

እኔ ያደግሁት ድባጤ ነው። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ ስለምኖር የአገሬ ልጆች የመጨረሻ ዓመት ላይ ሲደርሱ «ጋሼ፣ እንዴት ባደርግ ይሻለኛል?» እያሉ ይመጡብኛል። አምና አንዱ ለሥራ ማመልከቻ ያዘጋጀውን የሕይወት ታሪክ ወረቀት እንዳይለት ሰጠኝ። ከኮምፒዩተር ቤት የተገለበጠ ነው፤ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ምናምን የሚል። «ቋንቋ» በሚለው ረድፍ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ብሎ ጽፏል። ይህ ልጅ ከጎረቤቶቹ ጋር በጉምዝኛ ሲጫወት አውቀዋለሁ። በእናቱ ሺናሻ ነው። ቻግኒ ገበያ ሲወርድ በአገውኛ ይከራከራል። «የታሉ እነዚህ?» ብለው «ጋሼ፣ እነሱ እኮ የቤት ናቸው» አለኝ።

የተቆጣሁት በልጁ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማሩት ሁሉ፣ ከድባጤ ይዞት የመጣው ነገር ዕውቀት መሆኑን አንድም ቀን አልነገሩትም። መተከል ውስጥ ጤና ጣቢያ የመጣች የጉሙዝ እናት ሕመሟን በአማርኛ ማስረዳት ሲያቅታት ማን ነው የሚሰማት? ፍርድ ቤት ለቆመው ምስክር ማን ያስተረጉማል? ከግጭት በኋላ ሁለት መንደር ለማስታረቅ የሚሄድ፣ ዕርዳታ የሚያከፋፍል፣ ክትባት የሚያስተባብር ድርጅት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኛ ግን የልጁን ገበያ ሰርዘን «ፈጠራ ፍጠር» እንለዋለን።

ሌላም አለ። የሕዳሴው ግድብ እዚያው ዞናችን ውስጥ፣ ጉባ ወረዳ፣ ከመጋቢት 2003 እስከ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ምረቃው ድረስ ሲሠራ ኖረ። እኔ ባየሁት በአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ግድቡ የመጣው በቦንድና በመዝሙር ነው። «በዚህ ሥራ ላይ ብየዳ አለ፣ የመስመር ዝርጋታ አለ፣ የውኃ ልኬት አለ፤ ይህንን የሚያስተምረው እገሌ ዘንድ ነው» ብሎ ለተማሪ የተናገረ አላጋጠመኝም። መዝሙሩን ግን ሁላችንም ችለነዋል።

ከከተማ ሆነው «ወደ ትውልድ ቀያችሁ ተመለሱ፤ መሬቱ ሰፊ፣ አፈሩ ለም ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ለም ነው። ግን ሙሉውን ይናገሩ። ጥር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዳለቲ ላይ ከ80 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። በዚያ ዓመት ከመተከል የተፈናቀለ ስንት ቤተሰብ ቻግኒ፣ ራንች በሚባለው መጠለያ ድንኳን ውስጥ ከረመ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያጠና ተማሪ ዛሬ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነው። እሱን «ተመለስ» የሚል ሰው፣ ስለ ኑግና ስለ ዳጉሳ ከማውራቱ በፊት ስለ ሰላሙ የሚያውቀውን ይንገረው። እኔ አትመለሱ አልልም። የተመለሱ አሉ፤ እያስተማሩ፣ እያከሙ ያሉ። እነሱን አምጥቶ ከተማሪው ፊት ማስቀመጥ ይበልጣል።

«ዩኒቨርሲቲ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮ አይደለም» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። አልጠየቅንማ! የጠየቅነው ዩኒቨርሲቲው የሚያውቀውን እንዲናገር ነው። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ባለፉት ሦስት ዓመታት ያስመረቃቸው ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ በስልክ ጠይቆ በአንድ ገጽ መጻፍ ይችላል። ስንቱ ተቀጠረ፣ ስንቱ ባጃጅ ይነዳል፣ ስንቱ አረብ አገር ሄደ። ያንን ገጽ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚያሳፍር ከሆነ፣ ማፈር የሚገባው ተማሪው አይደለም።

እናንተም ብትሆኑ፣ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያላችሁት፣ ያንን ገጽ ጠይቁ። ለተግባር ልምምድ ስትላኩ ሳትሠሩ ማኅተም የሚመታላችሁን ቢሮ ሽሹት፤ ወረቀቱ ይሞላል፣ እጃችሁ ግን ባዶ ነው። ሲኒየር ኤሴይ ከፎቶ ኮፒ ቤት አትግዙ። የድባጤ ኑግ ቻግኒ ሲደርስ ዋጋው ለምን እንደሚለወጥ አንድ ሰው ጠይቆ ቢጽፍ፣ ነጋዴውም፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩም፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱም የሚያነበው ነገር ይሆናል። ጉምዝኛ የምትችሉ ደግሞ መጀመሪያ ረድፍ ላይ ጻፉት፤ ከእንግሊዝኛው በላይ።

የክብር እንግዶቻችንም ተማሪዎቹን የመምከር ፍላጎቱ ካላቸው ጥቅምት ላይ ይምጡ። ያን ጊዜ ገና ስምንት ወር አለ። ድንኳንም ባንድም አያስፈልግም፤ የጥያቄ ሰዓት ግን ይኑር።